ቦይ የቆፈረ ይቅደም

መጀመሪያ ያየሁት ቀኝ ጉልበቱን ነው። ከመታጠቢያ ቤቴ ወለል ላይ ሲነሣ ሱሪው ሁሉ ደረቅ ሆኖ ቀኝ ጉልበቱ ላይ ብቻ ክብ እርጥበት ነበረበት። በማግስቱ ደረጃው ላይ አገኘሁት፤ ያው ጉልበት ርሷል። በሳምንቱም እንደዚያው። ሁልጊዜ በአንድ ጉልበቱ ብቻ የሚንበረከክ ሰው አይቼ ስለማላውቅ ምክንያቱን ጠየቅሁት።

«ግራው ለመነሻ ነው» አለኝ። «ሁለቱንም ካንበረከክሽ ማን ያነሣሻል?»

ቧንቧ ሠራተኛ ነው። እኔ ከተከራየሁት ክፍል ሥር፣ ምድር ቤት፣ ከሚስቱና ከሁለት ልጆች ጋር ይኖራል። ሰፈሩ «ጎሚቶ» ይለዋል። ጎሚቶ ቧንቧ ጥግ ሲደርስ የሚታጠፍበት አጭር ብረት ነው፤ ስሙን ያወጡለት ወሬው በቀጥታ ሄዶ አያውቅም ብለው ነው። «ነገ ትመጣለህ?» ብትሉት ስለ ጎረቤት ውሻ ይጀምራል፤ ከውሻው ወደ አጥሩ፣ ከአጥሩ ወደ አማቹ ወገብ ሕመም ይሄዳል። መልሱ ግን አይቀርም፤ ዞሮ ዞሮ ይደርሳል። እኔ ይህን እንደ ተአምር ነበር የማየው። ሚስቱ «ተአምር አይደለም፣ በሽታ ነው» ትላለች።

ሁለቱ ልጆች እኩዮች ናቸው። ወንዱ የገዛ ልጁ ነው። ሴቷ የሚስቱ እህት ልጅ ናት፤ እናቷ ሌላ ከተማ ሥራ ስታገኝ ገና ጡት ሳትጥል እዚህ ትታት ሄደች። ልጆቹ በአንድ አልጋ ራስና ግርጌ ሆነው ይተኛሉ። አንዱ ሲያስል ሌላው ይነቃል። ልጅቷ ቧንቧ ሠራተኛውን «አባዬ» ትለዋለች፤ ማንም አላስተማራትም፣ ልጁ ሲጠራው ሰምታ ነው።

ሚስቱ ልብስ እጥበት ቤት ልብስ ትተኩሳለች። በልጅነቷ ከአባቷና ከእህቷ ጋር ከድንበር ማዶ የመጣች ናት። ይህን እኔ ያወቅሁት ከጊዜ በኋላ ነው፤ ንግግሯም ቀልዷም እንደ ሁላችን ስለሆነ የሚያስታውቅ ነገር የላትም።

የሰፈሩ ትምህርት ቤት ግቢ ከመስኮቴ ሥር ነው። ክፍሎቹ ጥቂት፣ ልጆቹ ብዙ። እስከ አምና ድረስ አንደኛ ክፍል የሚገባው በዕጣ ነበር። ዕጣ ያልወጣለት ከባቡር ሐዲዱ ማዶ ወዳለው ትምህርት ቤት ይሄዳል፤ አውቶቡስ ከተገኘ በአውቶቡስ፣ ካልተገኘ በእግር። ዘንድሮ የወላጆች ኮሚቴ አዲስ ሐሳብ አመጣ፤ የዜጎች ልጆች በቅድሚያ ይግቡ፣ የውጭ ሰዎች ልጆች ቦታ ከተረፈ ዕጣ ያውጡ የሚል። አዳራሽ ስለሌለ የተሰበሰቡት ግቢው ውስጥ ነበርና መስኮቴ ላይ ተደግፌ ሁሉንም ሰማሁ።

ሰብሳቢው ጡረታ የወጣ የአውቶቡስ ሹፌር ነው። ሐሳቡን ሲያነብ ሰው አጉረመረመ፤ አንዳንዱ ራሱን ነቀነቀ፣ አንዳንዱ ጫማውን አየ። ያን ጊዜ ጎሚቶ ተነሣ። ልጁ ዕጣ ሳይወጣለት ቢቀርስ የሚለው ሐሳብ ከክረምቱ መግቢያ ጀምሮ እንቅልፍ ነሥቶት ነበር።

«እኔ የማውቀው ውሃ ነው» አለ። «አዲስ መስመር ሲዘረጋ ቦይ የቆፈረ ቤት ቀድሞ ይከፍታል፣ ቆሞ ያየ ኋላ ይከፍታል። በዚህ ተጣልተን አናውቅም። ይሄን አገር የቆፈሩት የእኛ አባቶች ናቸው። ቦይ የቆፈረ ይቅደም። አለቀ።»

በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ በቀጥታ ተናገረ። ጭብጨባው መስኮቴን አንቀጠቀጠው።

ርዕሰ መምህርቷ እጇን አወጣች። «ከመወሰናችሁ በፊት እያንዳንዳችሁ ቤታችሁ ያለውን አስቡ» አለች።

«ቤታችን ያለውማ የእኛው ነው» አላት ጎሚቶ እየሳቀ። ድምፅ ሲሰጥም ሁለት እጁን አወጣ፤ ሹፌሩ «አንዱን አውርድ፣ ሁለት አፍ ቢኖርህም አንድ ሰው ነህ» አለው። ሐሳቡም በብዙ እጅ ጸደቀ።

እኔ ደነገጥሁ። ልጅቷን ረስቷት ነው? እያልሁ ሳሰላስል ዋልሁ። ኋላ እንደገባኝ አልረሳትም ነበር። የሚረሳው እኮ የሚያስታውሱት ነገር ነው። «የውጭ ሰው» ሲባል እሱ የሚታየው ሌላ ሰፈር ያለ፣ ሌላ በር ያለው፣ ፊቱን የማያውቀው ሰው ነው። አጠገቡ ቁጭ ብላ በእሱ ማንኪያ የምትበላው ልጅ በዚያ ቃል ውስጥ ልትገባ እንደምትችል አልታየውም።

ምዝገባው የደረሰ ቀን ልጆቹን ይዛ የሄደችው ሚስቱ ናት። እሱ ከሥራ ሲመለስ የሆነውን በወለሉ በኩል ሰማሁ፤ ወለላችን ሚስጥር አይዝም።

«ምን አሉ?»

«እሱ ገብቷል።»

«ጎሽ። እሷስ?»

«የውጭ ሰዎች ልጆች ቦታ አልተረፈላቸውም።»

«እሱን ተይው፣ እሷስ ነው የምልሽ?»

«እኮ። ስለ እሷ ነው የምነግርህ።»

«የምን የውጭ ሰው? እዚህ አልጋ ላይ አይደል እንዴ የምትተኛው?»

«እኔም እዚህ አልጋ ላይ ነው የምተኛው። እኔስ ምንህ ነኝ?»

«አንቺማ ሚስቴ ነሽ።»

«እቤት ነው ወይስ ስብሰባም ላይ?»

«አሁን ነገር አታጣሚ።»

«ጎሚቶው አንተ ነህ፣ እኔ ቀጥ ብዬ ነው የምጠይቅህ። ለመሆኑ ያ ትምህርት ቤት ውሃ ሲገባለት ቦዩን ማን ቆፈረው?»

ወለሉ ላይ ቁጭ ብዬ ጆሮዬን ወደ ታች አስጠጋሁ።

«ንገረኛ። አንተ ጎረምሳ ሆነህ ቧንቧ ስታቀብል እስከ ወገቡ ጭቃ ውስጥ የነበረው ማን ነው? ምሳ ላመጣለት ስመላለስ አይደል እንዴ ያየኸኝ? ወገቡ እስከ ዛሬ የሚያመው በምን ሆነና? ለሰው ሁሉ ስለ አባቴ ወገብ ታወራለህ፤ ምን ሲሠራ እንደታመመ ግን አፍህ ላይ አይመጣም።»

«ከአፍ ከወጣ አፋፍ» አለ ቀስ ብሎ። ከዚያ «የቆጡን አወርድ ብዬ…» ብሎ አቋረጠ።

«ጨርሰው።»

«የብብቴን ጣልሁ።»

«እሷ ብብት ናት እንግዲህ» አለች ሚስቱ፤ ድስቱን ከእሳቱ ላይ ስታወርደው የእኔ ወለል ተነቃነቀ።

ቀጥሎ ያለውን የነገረኝ ራሱ ነው፤ የእጅ መታጠቢያዬን ሥር ፈትቶ፣ ከማጠቢያው በታች ተጋድሞ፣ ለቧንቧው የሚናገር እየመሰለ። ርዕሰ መምህርቷ ቢሮ ሄዷል።

«ልጅቷ የእኔ ልጅ ናት አልኋት። በወረቀት ግን አይደለችም አለችኝ። ወረቀት አሳደጋት ወይ አልኋት። ጋሼ፣ እኔም ይሄንኑ ነበር ልላችሁ የፈለግሁት፣ እርስዎ አስጨበጨቡ አለችኝ።»

«እና ምን አልሃት?»

«መፍቻውን አቀብይኝ። ትልቁን። እንግዲያው የወንዱን ቦታ ልልቀቅና ለእሷ ስጫት አልኋት። እሱን ሐዲዱን አሻግረዋለሁ፣ ወንድ ልጅ ነው፣ ይችለዋል። ምን እንዳለችኝ ታውቂያለሽ? የልጅዎን ቦታ ቢለቁ ለሚቀጥለው ዜጋ ልጅ ነው የሚሰጠው፣ ደንቡ እንደዚያ ይላል። የማን ደንብ አልኋት። ዓይን ዓይኔን አየችኝ።»

መፍቻው ብረቱ ላይ ተንሸራተተና ጣቱን ላጠው። የተሳደበው ስድብ መፍቻውን ይሁን ራሱን አልለየሁም።

«መታጠፍ ያልቻልሁት እዚህ ነው» አለኝ። «ጥግ ሁሉ ጎሚቶ አለው። ይሄ የለውም።»

ቢሆንም አልተወውም። ኮሚቴው እንደገና ሲሰበሰብ ንግግር ጠየቀ። እኔም መስኮቴን ከፈትሁ። ገና ሲነሣ ከኋላ አንዱ «መጣ፣ አሁን ደግሞ ወደየት ሊታጠፍ ነው» አለና ግቢው በሳቅ ሞላ።

«ሳቁ፣ ይገባኛል» አለ። «ያን ቀን የተናገርሁት ስሕተት ነበር። የዚህ ግቢ ውሃ የመጣው አማቼ በቆፈረው ቦይ ነው። ዜጋ አይደለም። የልጅ ልጁ ግን ከዚህ ቧንቧ እንዳትጠጣ እኔ በገዛ አፌ ዘጋሁት። ደንቡ ይሻርልኝ።»

ሳቁ ቆመ። አንድ ሁለት ሰው «እውነቱን ነው» አሉ። ተስፋ አደረግሁ፤ መስኮቱን በሁለት እጄ ይዤ ነበር። ያን ጊዜ የሰፈራችን ዳቦ ጋጋሪ ተነሣች። ትልቅ ሴት ናት፣ ክንዷ ላይ ዱቄት አይጠፋም።

«ስማ ወንድሜ» አለችው። «ትልቁ ልጄ ዕጣ ሳይወጣለት ያን ሐዲድ ሲሻገር ነው ያደገው። ዝናብ ሲመታው፣ ባቡሩ ሲመጣ ሊጡን ጥዬ ስሮጥ ማንም ደንብ አልሻረልኝም። ትንሹ ዘንድሮ ባንተ አፍ ገባ፤ እግዜር ይስጥህ ብዬ መርቄህ ነበር። አሁን የእኔን ነው የምታስወጣው ወይስ የማንን? ደንቡ ሲሻር አንድ ልጅ ይወጣል። በጣትህ አሳየን።»

ጎሚቶ ዙሪያውን አየ። የተቀመጡት ሁሉ የቤታቸውን ቧንቧ የጠገነላቸው ሰዎች ናቸው። አንዳንዶቹ ልጆቻቸውን ታቅፈው ነበር። እጁ ከጎኑ አልተነሣም።

«ማንም አይውጣ» አለ። «አንድ ወንበር ይጨመር ነው የምለው። ወንበሩን እኔ አመጣለሁ።»

«ሁሉም አንድ ወንበር ይዞ ከመጣ ልጆቹ የት ይቆማሉ?» አለ ሹፌሩ፤ እንደ ክፉ ሰው አይደለም የተናገረው፣ እንደ ደከመው ሰው ነው። «እኔ አውቶቡስ ስነዳ ሁሉም አንድ ሰው ብቻ ይጨመር ይለኝ ነበር። ደንቡን ለከርሞ እናየዋለን።»

«ለከርሞ እኮ ሁለተኛ ክፍል ናት።»

«ለከርሞ» አለ ሹፌሩ።

ርዕሰ መምህርቷ ቤተሰብ ውስጥ የሚያድግ ልጅ እንደ ቤቱ ልጅ ይታይ የሚል ሐሳብ አስመዘገበች። እሱም ለከርሞ ተባለ። ጎሚቶ ተቀመጠ። ዳቦ ጋጋሪዋ ስታልፍ ትከሻውን መታ አድርጋው ሄደች፤ ይህ ከስድቡ ሁሉ የባሰ ያመመው ይመስለኛል።

ሚስቱ ያን ዕለት አልጮኸችም። «ወንዱ ከገባበት ይቅር አልልም፤ እሱ ምን አጠፋ» አለችው። «ልጅቷን ሐዲዱን የምታሻግራት ግን አንተ ነህ። በየማለዳው። እኔ አይደለሁም፣ አባቴም አይደለም። በዚህ ሁሉ በር ፊት ይዘሃት ታልፋለህ። ለምን ብላ ስትጠይቅህም የምትመልስላት አንተው ነህ።»

«ሥራዬስ?»

«ሥራህ ይጠብቅሃል። ውሃ እንደሆነ መንጠብ አያቆምም።»

ትምህርት የተከፈተ ቀን ደረጃው ሥር አገኘኋቸው። ወንዱ ቀድሞ በትምህርት ቤቱ በር ገብቷል፤ ከአጥሩ ማዶ የልጆች ጫጫታ ይሰማል። ልጅቷ አዲስ ቦርሳ ተሸክማ እጁን ይዛለች። ፊቱ ገና በጧቱ ደክሟል።

«ቧንቧዬ እንደገና እያፈሰሰ ነው» አልሁት። ሌላ የምለው ስላልመጣልኝ ነው።

«ያፍስስ እቱ» አለኝ። «ስመለስ አየዋለሁ። ከተመለስሁ።»

«አባዬ» አለች ልጅቷ፣ «እኛ ለምን በዚህኛው በር አንገባም?»

«እዚያኛው ጥሩ ስለሆነ ነው።»

«ይሄኛው መጥፎ ነው?»

«መጥፎ አይደለም።»

«ታዲያ እሱ ለምን ገባ?»

ጎሚቶ ሰማዩን አየ። እንደ ልማዱ ከሩቅ ሊጀምር ነበር፤ «አያትሽ ወጣት ሳለ…» አለ፤ ከዚያ ተወው።

«እኔ ነኝ ያጠፋሁት» አላት።

«ምን አጠፋህ?»

«መንገድ ላይ እነግርሻለሁ። ነይ፣ አውቶቡሱ ያመልጠናል።»

ቦርሳዋን ከትከሻዋ አውርዶ በራሱ ትከሻ ላይ አነገተው። በዳቦ ቤቱ በር፣ በሹፌሩ በር፣ ቦዩ በተቆፈረበት መንገድ ወደ ሐዲዱ ወረዱ። እሷ እየጠየቀች፣ እሱ እየተነፈሰ፣ እጁን በአየር ላይ ወደ ግራም ወደ ቀኝም እያጠፈ፤ ምን እንደሚላት ከቆምሁበት አይሰማም ነበር።