ከወንዙ እስከ መኪናው

ሥራ የጀመርሁ ዕለት ሲስተር ለተብርሃን አንድ የጀርባ ቦርሳ አስረከቡኝ። ውስጡ የደም ግፊት መለኪያ፣ የፅንስ ልብ ማዳመጫ ቀንድ፣ ጓንት፣ መቀስ፣ የእትብት ማሰሪያና ግሉኮስ ነበረበት። ሁለት ነገር ብቻ አስጠነቀቁኝ፤ ሃይማኖት አንሰብክም፣ የታካሚ ፎቶ አናነሳም። በመንግሥት ጤና ጣቢያ ብዙ ዘመን ያዋለድሁ ሰው ስለሆንሁ፣ ሌላውን አውቀዋለሁ አልኋቸው። ሳቅ ብለው "ይሁና" አሉ።

ሲስተር ለተብርሃን መነኩሲት ናቸው። አዲስ አበባ ባለ አንድ የካቶሊክ ዩኒቨርሲቲ ነርሶችን ያስተምራሉ፤ የማኅበረሰብ አገልግሎቱም ኃላፊ ናቸው። ዩኒቨርሲቲው በየዓመቱ የነርስ ተማሪዎቹን በሰቆጣ በኩል ወዳለው ዝቋላ ወረዳ ይልካል። በየጎጡ እየዞሩ እርጉዝ ያያሉ፣ ሕፃን ይመዝናሉ። እኔ የደብረ ታቦር ሰው ነኝ፤ የተቀጠርሁት የመስክ አዋላጅ ሆኜ ነው። ሰዉ እሳቸውንም እኔንም "ሲስተር" ስለሚለን፣ አንዳችን ስንጠራ ሁለታችንም ዘወር እንል ነበር።

መጀመሪያ ሰሞን ሰው ሁሉ በሩቁ ነው የሚያየን። ካቶሊክ የሚለውን ሰምቶ፣ ሃይማኖት ሊያስለውጡን ነው ብሎ ሰግቷል። አንዲት እርጉዝ አንገቴ ላይ ማተቤን ካየች በኋላ ነው ሆዷን ያስነካችኝ። እኔም አልተቀየምኋትም።

የትርንጎ ምጥ የመጣው በማሽላ አጨዳ ወቅት ነው። የመጀመሪያ ልጇ ነበር። ሌሊቱን ስታምጥ አድራ ቀኑ ተጋምሷል፤ የልጁ ራስ አልወርድ ብሏል፣ ሽንቷ ደም ቀላቅሏል። ቀንዱን ሆዷ ላይ አድርጌ ሳዳምጥ፣ ምጡ ካለፈ በኋላም የልጁ ልብ ዝግ እንዳለ ይቆያል። ቀዶ ሕክምና ያስፈልጋታል፤ እሱ ደግሞ ያለው ሰቆጣ ሆስፒታል ነው። መኪናችን ከወንዙ ማዶ፣ መንገዱ የሚያበቃበት ላይ ቆሟል። እስከዚያ ያለው በቃሬዛ ነው።

በአገሩ ወግ አንድ ጎጥ ሕመምተኛውን እስከ ወሰኑ ተሸክሞ ለቀጣዩ ጎጥ ያስረክባል። ያ ደግሞ ለሚቀጥለው። ለሞተም እንዲሁ ነው። የትርንጎ ጎረቤቶች ወሰናቸው ላይ ሲደርሱ ግን ከቀጣዩ ጎጥ፣ ከሾላ ውኃ፣ አንድ ሰው አልጠበቀንም። ወንዶቹ ሩቅ ማሳ አጨዳ ላይ ነበሩ።

ሲስተር ጎረምሳ ተማሪዎቻቸውን አዩ። እነዚህ ሁሉ ትከሻዎች እያሉን ምን እንጠብቃለን፣ በታችኛው መንገድ መንደሩን እንለፈው አሉ። እኔም እሰየው አልሁ። የትርንጎ ጎረቤቶች ቃሬዛውን መሬት አስቀምጠው ፈቀቅ አሉ፤ ባሏ መልኬም አቀረቀረ። ተማሪዎቹ ቃሬዛውን አንስተው ወደ ታች ወረዱ።

ጥቂት እንደ ሄድን ትርንጎ ዐይኗን ገለጠች። መንደሩ መግቢያ ላይ ያለው የሾላ ዛፍ በቅርቧ መሆን ሲገባው ከላይ በሩቅ ታያት። የቃሬዛውን እንጨት ጭብጥ አድርጋ ይዛ የት እንዳለች ጠየቀች። መልኬ ነገራት።

"አውርዱኝ" አለች።

ዮናስ የሚባል ተማሪ፣ ከፊት በኩል የተሸከመው፣ ሕይወትሽ ይቀድማል አላት።

"ሕይወቴማ እዚሁ ነው" አለችው። "ሾላ ውኃ ካልተሸከመኝ ቅሬ የጣለኝ ሰው ነኝ። ነገ ልጄ ሲታመም ማን ያነሣልኛል? እኔንስ ማን ይቀብረኛል?"

መልኬ ያን ጊዜ ነው አፉን የከፈተው። ሳይረከቡት መንደር የሚያልፍ ቃሬዛ፣ ከቀባሪ ማኅበሩ ከቅሬው የተባረረ ሰው ቃሬዛ ነው አለን።

ምጡ ሳይሆን ወጉ ሊገድላት ነው ብዬ ጮኽሁ። ሲስተር አጠገቧ ተንበርክከው፣ ብንጠብቅ አንቺም ልጅሽም ልትሞቱ ትችላላችሁ፣ ገብቶሻል ወይ አሏት። "ገብቶኛል" አለች። ሲስተር ቀና ብለው ተማሪዎቹን "አውርዱ" አሏቸው።

መልኬ ወደ ማሳው አቅጣጫ ተጣራ። ገደሉ ብቻ መለሰለት። ደግሞ ተጣራ። ሲስተር ግሉኮሱን ከፍ አድርገው ይዘው ቆመዋል። እኔ ቀንዱን ሆዷ ላይ እንዳደረግሁ ነኝ። የልጁን የልብ ምት እቆጥራለሁ። ብዙ ምጥ አይቻለሁ፤ እንደዚያ ቀን ግን ፈርቼ አላውቅም።

በመጨረሻ ከላይ ድንጋይ ሲንከባለል ሰማን። የሾላ ውኃ ሽማግሌ አያ ኪሮስ ማጭድ የያዙ ወንዶች አስከትለው እየወረዱ ነው። ለካ ቃሬዛው ወደ ታች ሲታጠፍ ከአፋፉ ላይ አይተውታል።

"በማን ትእዛዝ ነው ታች የወረደ?" አሉ።

"በእኔ" አሉ ሲስተር። "ቶሎ የምንደርስ መስሎኝ ነው። ወጉን አላወቅሁም።"

አያ ኪሮስ ትርንጎን በአገሩ ቋንቋ በኽምጣኛ አናገሯት። ምን እንደተባባሉ አላውቅም፤ ብቻ ፊታቸው ሲረግብ አየሁ።

"ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል፣ ሲስተር" አሉ። በዚያ ጭንቅ መሀል ሁለታችንም ቀና አልን።

ማጭዳቸውን መሬት ጥለው ቃሬዛውን ተረከቡ። ትከሻ እየተለዋወጡ እስከ ወንዙ አወረዷት። ወንዙ ዳር አስቀመጧትና አያ ኪሮስ ወደ ተማሪዎቹ ዞሩ። ከዚያ ወዲያ ያለው ዳገት መንደር የለውም፤ ተራውም የማንም ስላልሆነ ጎጦቹ ሁልጊዜ የሚጨቃጨቁበት ነበር።

"ከወንዙ እስከ መኪናው ሰው የለበትም። ተሸካሚ ነን ካላችሁ ይህ የእናንተ ተራ ይሁን" አሉ።

ተማሪዎቹ ተሸከሟት። ሰቆጣ እንደደረሰች ቀዶ ሕክምና ክፍል ገባች። ልጁ ዝልፍልፍ ብሎ ነው የወጣው፤ በአየር መስጫው ብዙ ከታገሉለት በኋላ አለቀሰ። ትርንጎም ዳነች። ያ መጠበቅ ልክ ነበር ወይ ብትሉኝ እስከ ዛሬ አላውቅም። በሌላ ቀን ሊገድላት ይችል ነበር።

ከዚያ ቀን ወዲህ ከወንዙ እስከ መኪናው ሲሸከሙ የከረሙት ተማሪዎች ክረምት ሲገባ ለዕረፍት ሊበተኑ ሆነ። ከዋናው ቢሮም የመስክ ሥራው እስከ መስከረም ይቁም የሚል ስልክ ተደወለ። ይህን ለአያ ኪሮስ የነገርኋቸው እኔ ነኝ፤ የሚያመሰግኑን መስሎኝ ነበር። እሳቸው ግን አተኩረው አዩኝ።

"ተራ የያዘ ሰው ክረምት ነው ብሎ ይቀራል?" አሉ።

ጥያቄውን ለሲስተር ነገርኋቸው። እሳቸውም አዲስ አበባ ወርደው ከአለቆቻቸው ጋር ተከራከሩ። አንዱ አለቃ፣ ተማሪ በሌለበት ማን ሊሸከም ነው ብሎ ጠይቋቸው ነበር። "እኔ" ብያቸው መጣሁ አሉን። እሳቸው እንኳን ሰው ሊሸከሙ፣ ራሳቸውም ዳገቱን የሚወጡት በምርኩዝ ነበር።

በሐምሌ ጭቃ የመጀመሪያው ቃሬዛ ሲመጣ ወንዙ ዳር የቆምነው ሾፌሩ፣ ዮናስ፣ ዕረፍታቸውን የተዉ ሁለት ጓደኞቹና እኔ ነን። ሲስተር ከኋላ ምርኩዛቸውን ይዘው ነበር። ከዚያ ወዲህ ዩኒቨርሲቲው ክረምትም በጋም ሰው ያስቀምጣል። እኔ ጡረታ ወጣሁ፤ ተራው ግን አልተቋረጠም።

በሥራ ዘመኔ የተማርሁት ይህን ነው። መርዳት የሚፈልግ ሰው ሲመቸው መጥቶ ይረዳል። ተራ የያዘ ግን አይቀርም።