በጣት የሚነበበው ደሴ

የጋሽ ኑርሁሴን ዓይን ጠፋ እንጂ አፋቸው አልጠፋም። ይህን ከሁሉ አስቀድሜ የምናገረው ሰው ስለ እሳቸው ሲያወራ "ምስኪን" ብሎ ስለሚጀምር ነው። ምስኪን! እኚህ ሰውዬ አርባ ዓመት ሙሉ ፒያሳ አጠገብ በቆርቆሮ ሱቃቸው ጫማ ሲሰፉ ከደንበኛ ጋር ሳይነታረኩ የዋሉት ቀን ቢኖር ታመው የቀሩበት ነው። እኔ ሸዋዓለም እባላለሁ፤ ልብስ ሰፊ ነኝ፤ ሠላሳ ዓመት ግድግዳ ተጋርተን ኖረናል። እሳቸው በአረፋ፣ እኔ በፋሲካ እንጠራራለን፤ በቀረው ቀን እንጨቃጨቃለን። ስለ እሳቸው ከኔ በላይ አውቃለሁ የሚል ካለ ይምጣና ይሞክረኝ።

ሥራቸው ጫማ ይሁን እንጂ ፍቅራቸው ካርታ ነበር። ሁለቱን ደግሞ አይለያዩዋቸውም። የመጣላቸውን ጫማ ገልብጠው ሶሉን በአውራ ጣታቸው ይዳብሱና "አንተ የሰኞ ገበያ ሰው ነህ፤ ታኮህን በውጭ በኩል የበላው ያ ቁልቁለት ነው" ይላሉ፤ ሰውየው አፉን ይይዛል። የሱቃቸው ግድግዳ ከላይ እስከ ታች ካርታ ነበር፤ የትምህርት ቤት ካርታ ግን እንዳይመስላችሁ። እንግዳ ነገር ካልሆነ አይወዱም። ደቡቡን ወደ ላይ፣ ሰሜኑን ወደ ታች አድርጎ የተሣለ ካርታ ነበራቸው፤ "ጋሼ፣ ዘቅዝቀው ሰቅለውታል" ያላቸውን ሁሉ "የተዘቀዘቅከውስ አንተ!" ብለው ያባርራሉ። አንድ የጅቡቲ መስመር ሾፌር ደግሞ የመርከበኞች ካርታ አምጥቶላቸው ነበር። ባሕሩ በቁጥር ታጭቋል፤ የብሱ ግን ነጭ ባዶ ነው። ጠርተው አሳዩኝና "አየሽ ሸዋዬ፤ ለነዚህ ሰዎች አንቺም እኔም የለንም! ወላሂ ባዶ ወረቀት ነን!" ብለው እንባቸው እስኪፈስ ሳቁ። ምኑ እንደሚያስቅ ዛሬም አልገባኝም።

ከሁሉ አብልጠው የሚወዱት ግን ከልባሽ ጨርቅ ተራ የገዙትን ሻሽ ነበር። የአንድ ከተማ መንገድ ሁሉ በክር ተጠልፎበታል፤ ከተማዋ የት እንደሆነች ግን አልተጻፈም። ብዙ ሰው ጠየቁ፤ የሚያውቅ ጠፋ። "ስሟን ባላውቅ ምን ቸገረኝ፤ መንገዷን አውቀዋለሁ" ይላሉ። ሥራ ሲቀዘቅዝ ሻሹን ጉልበታቸው ላይ ዘርግተው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው በጣታቸው ይዞሩባታል። እኔ አልፌ ስሄድ ኮቴዬን ከሰሙ፣ "ቆይ፣ አደባባዩን ልሻገርና ሰላም እልሻለሁ" ይሉኛል። ኧረ በመድኃኔዓለም!

ከዚያ ግላኮማ የሚሉት የዓይን በሽታ መጣ። ቦሩ ሜዳ ሆስፒታል ስንመላለስ ሐኪሙ "የቀረውን ለመጠበቅ እንሞክራለን፤ የሄደው ግን አይመለስም" አላቸው። የቀረውም ሁለት ዓመት አልቆየም። ሱቁን ዘጉ፤ ካርታዎቹን ወደ ቤታቸው አስገቡ፤ እኔ እያየሁ እነግራቸዋለሁ፣ እሳቸው እየዳበሱ ያርሙኛል።

አንድ ልጅ አላቸው፣ ሙንዚር የሚባል። ኮምቦልቻ ፋብሪካ ውስጥ የማሽን ጥገና ሠራተኛ ነው፤ ሚስቱ ቢልቂስም እዚያው ትሠራለች። ሙንዚር ክፉ ልጅ ቢሆን ኖሮ ነገሩ በቀለለ ነበር። ግን ደግ ልጅ ነው፤ አባቱን ይወዳል፤ ችግሩም እሱ ነው። ባለፈው ነሐሴ ጋሼ በዝናብ ደረጃ ላይ ወድቀው እጃቸው ተሰበረ። ሙንዚር በዚያው ቀን መጥቶ ኮምቦልቻ ይዟቸው ሄደ።

በሳምንቱ ደወሉልኝ። "ሸዋዬ፣ እኔ እኮ ዕቃ ሆኛለሁ" አሉኝ።

"ምን ማለትዎ ነው?"

"ጠዋት ሁለቱም ወደ ሥራ ሲሄዱ በሩን ከውጭ ይቆልፉብኛል። ማታ ይከፍቱልኛል። ወጥተው መኪና እንዳይገጭዎት ነው ይሉኛል።"

እኔ እዚህ ስልኩን ይዤ አለቀስኩ፤ እሳቸው እዚያ ተቆጡኝ። ሦስት ሳምንት እንዲያ ቆዩ። ጀሶው ሊፈታ ወደ ደሴ ሲመጡ ቤታቸው ገብተው ከውስጥ ቀረቀሩና "ከዚህ የሚያወጣኝ የአላህ መልአክ ብቻ ነው" አሉ። ሙንዚርም ልቡ አልተመለሰም፤ ለቤቱ ከገና በኋላ የሚገባ ተከራይ ፈልጎ አገኘ። "አባዬ፣ ብቻዎን አይኖሩም፤ አለቀ" አለ። ያለቀው የጋሼ ነገር ነበር፤ ቤታቸው ከሄደ የሚቀራቸው ያ የተቆለፈ ግቢ ነው።

ያን ጊዜ ነው ካርታውን የጀመሩት። ከድሮ ዕቃቸው የተረፈውን ቆዳ አውጥተው አንድ ስንዝር በማይሞላ ስፋት፣ እንደ መቀነት አስረዝመው ቆረጡት። እኔን ደግሞ "ክርሽን ይዘሽ ነይ" አሉኝ። ሦስት ወር ሰፋን። ኮብልስቶኑ ብርጭቆ ወረቀት ሆነ፤ አስፋልቱ ልስልስ ቆዳ፤ ቦዩ የጎማ ላስቲክ፤ ደረጃው ለእያንዳንዱ እርከን አንድ ቋጠሮ። የሐጂ በሽር ውሻ ያለችበት አጥር ጋ የፍየል ፀጉር ሰፋን። ቅመም መደብሩ ጋ ቅርንፉድ አስገባን፣ በአፍንጫም እንዲነበብ። ወሬ የምትወደው ሰርካዲስ ደጃፍ ላይ ትልቅ የካፖርት ቁልፍ ሰፉና "እዚህ ከደረስኩ ግማሽ ሰዓት መጨመር ነው" አሉ። የሐረጎን መንገድ፣ ከደሴ ቁልቁል ኮምቦልቻ የሚወርደውን፣ ወፍራም ገመድ አጣጥፈው ብቻቸውን ሰፉት፤ የኮምቦልቻውንም እንዲሁ። "እሱን አትነኪብኝ" አሉኝ። እኔም ተውኩ። እንዲያ ደስ ብሏቸው አይቻቸው አላውቅም፤ ዓይን በነበራቸው ጊዜ እንኳ።

ሙንዚር አየው። ገለባበጠው። "ሰሜኑ የታል?" አለ።

"ሰሜን ምን ያደርግልኛል? ሰሜን የሚባል ሰፈር ሄጄ አላውቅም" አሉት። ቀጥለውም "ስማኝ፤ በዚህ ካርታ ማንም ሳይመራኝ ከደጄ ተነስቼ ኮምቦልቻ ያንተን በር አንኳኳለሁ። ካንኳኳሁ የተከራይ ወሬ አይነሳም። ካላንኳኳሁ ጠቅልለህ ውሰደኝ።"

ሙንዚር ብዙ ተከራከረ፤ በመጨረሻ እሺ አለ። እኔ ከኋላ እንድከተል ተስማሙ። "እትዬ ሸዋዓለም፣ እጃቸውን ከያዙ ወይም በቃል ከመሩ ውሉ ፈረሰ" አለኝ። ሸዋዓለምን ዝም በይ ማለት ምን ማለት እንደሆነ እናንተ አታውቁም።

እሁድ ጠዋት ተነሳን፤ ቅዳሴው አመለጠኝ፤ ይቅር ይበለኝ። ጋሼ የካርታውን ጥቅል በግራ እጃቸው ይዘው በአውራ ጣታቸው እየዳበሱ፣ በቀኛቸው በትራቸውን እየመቱ ወረዱ። ውሻዋን አለፉ። ሰርካዲስን አለፉ፤ ያውም "ዛሬ ጊዜ የለኝም፣ ነገ ስደቢኝ" ብለው። እኔ በልቤ እልል አልኩ።

ወደ ዋናው መንገድ የሚያወርደው አሥራ ሁለት እርከን ደረጃ ጋ ስንደርስ ግን ደረጃው የለም። ከሐሙስ ወዲህ መንገዱ ተቆፍሯል። በደረጃው ፈንታ የጠጠር ክምር፣ ከክምሩ ወዲያ ሰው የሚውጥ ጉድጓድ። የጋሼ ጣት ቋጠሮዎቹ ላይ ነው፤ እግራቸውም ይሄዳል። ሁለት ክንድ ቀራቸው። የነጠላዬን ጫፍ ነከስኩ። "በቃ ልጩህ፣ ውሉ ገደል ይግባ" ብዬ አፌን ስከፍት በትራቸው ጠጠሩን ነካና ቆሙ።

"ሸዋዬ፣ አፍሽን ግጠሚ" አሉ ሳይዞሩ። "ትንፋሽሽ እስከዚህ ይሰማል።"

የቀን ሠራተኞቹ አለቃ፣ ቀለሙ የሚባል፣ ሮጦ መጥቶ ክንዳቸውን ያዘ። "አባት፣ ላሻግርዎት።"

"ልቀቀኝ! አሻግረኝ አልኩህ? መንገዱ የት እንደሄደ ንገረኝ።"

"አያዩም እኮ፣ አባት።"

"አንተስ አትሰማም እንዴ?"

ሠራተኞቹ ሳቁ፤ ትንሽ ራቅ ብሎ ጉድጓዱ ላይ የሳንቃ መሻገሪያ መጋደሙንም ነገሯቸው። ጋሼ ግን የድንጋይ ክምር ላይ ተቀምጠው ከኪሳቸው ወስፌና ክር አወጡ። አሥራ ሁለቱን ቋጠሮ አንድ በአንድ መፍታት ጀመሩ። "የሠላሳ ዓመት ደረጃዬን በሦስት ቀን በላችሁብኝ!" እያሉ ይሰድባሉ፤ ፊታቸው ግን በርቷል፤ ወላሂ ልበል እኔም፣ በርቷል። "እስከ መሻገሪያው ስንት እርምጃ ነው?" አሉ። አንዱ ለክቶ "ሠላሳ አራት" አለ። ሌላው "ያንተ ቅልጥም ረጅም ነው፣ ለእሳቸው አርባ ይሆናል" አለው። ተጨቃጨቁ፤ ሥራ ቆመ፤ አካፋ ተጣለ፤ ሁሉም መንገድ ለካ። ቀለሙ ራሱ ከአሮጌ ጓንት ቁራጭ ቆርጦ ለሳንቃው መሻገሪያ ሰጣቸው።

በመሃል ሙንዚር ደወለ። "ምነው ዘገያችሁ? ምን ሆኑ?"

"እየሰፉ ነው" አልኩት።

"ምን?"

"መንገድ።"

ጋሼ ክሩን በጥርሳቸው በጠሱና "እዚህ መጨረሻው ምን ሊሆን ነው?" ብለው ጠየቁ። ቀለሙ "የእግረኛ መንገድ፤ ዛፍም ይተከላል" አላቸው። "እሰይ! ስትጨርሱ መጥቼ እቀይረዋለሁ። ዛፉን የት እንደምትተክሉት ግን እንዳትደብቁኝ" አሉና ተነሱ። አርባ አንድ እርምጃ ሄደው ሳንቃውን ረገጡ። ከኋላቸው ጭብጨባ ተነሳ፤ እሳቸው "ሥራችሁን ሥሩ!" ብለው ጮኹባቸው።

መናኸሪያ ደረስን፤ ሚኒባስ ተሳፈርን። ሐረጎን ስንወርድ ጣታቸው ገመዱ ላይ ነበር። መኪናው ሳይታጠፍ በፊት "አሁን ወደ ግራ... አሁን ወደ ቀኝ፣ ያዝ!" ይላሉ። አጠገባቸው የተቀመጠችው ሴትዮ መጀመሪያ ፈራች፤ ኋላ እሷም አብራ ማለት ጀመረች። ኮምቦልቻ ገብተን ረዳቱ የቦታውን ስም ሳይጠራ "ወራጅ አለ!" አሉ። ትክክለኛው ቦታ ነበር። ከአስፋልቱ ወደ ውስጥ ያለውን አንዴ ተሳስተው የሰው አጥር ነኩ፤ ተመለሱ፤ ጥቅሉ መጨረሻው ላይ ሲደርስ በትራቸውን አነሱና በሩን ሦስቴ መቱ። የብረት በር ነው፤ ሰፈሩ ሰማ።

ሙንዚር ከፍቶ አቀፋቸው። እንባው ወርዷል። "አባዬ፣ ቃል ቃል ነው፤ ተከራዩን አስቀርቻለሁ። ይግቡ፣ ምሳ ደርሷል።"

"አልገባም" አሉ።

"እንዴ! አሸንፈዋል እኮ!"

"እንካ መጀመሪያ አንብበው። ዓይንህን ጨፍን።"

ሙንዚር ደጃፉ ላይ ቆሞ ዓይኑን ጨፈነና ጥቅሉን ከመጀመሪያው ዳበሰ። ፀጉሩ ጋ ሳቀ፤ ቅርንፉዱን አሸተተ፤ የሐረጎ ገመድ ላይ ብዙ ቆየ። ጫፉ ላይ ሲደርስ "አህ!" ብሎ እጁን ሰበሰበ። ጣቱ ደምቷል። ከቆዳው ሥር ወደ ላይ የወጣች የጫማ ሚስማር ነበረች፤ እኔም ያን ጊዜ ነው ያየኋት።

"ይሄ ምንድን ነው?" አለ።

"ቤትህ ነዋ።"

ቢልቂስ ከውስጥ ወጥታ ቆማለች። ሙንዚር ጣቱን እያየ "ለእርስዎ ብዬ እኮ ነው የቆለፍኩት" አለ።

"አውቃለሁ። ባላውቅ ኖሮ አልመጣም ነበር" አሉት። "ሃያ አንድ ቀን ይሄን በር ከውስጥ ዳበስኩት። እጀታ የለውም። ልጄ ቤት በር ላይ እጀታ አጣሁ።"

ሙንዚር ወደ ውስጥ ገባ። የሥራ ዕቃ ሲያተራምስ ተሰማ፤ መፍቻና መዶሻ ይዞ ተመለሰና በሩን መቀጥቀጥ ጀመረ። ጋሼ ጆሯቸውን ወደ ድምፁ አዘነበሉ።

"ሸዋዬ፣ የትኛውን ነው የሚነቅለው?"

"የውጭውን መቆለፊያ" አልኳቸው።

"እንግዲያውስ ምሳ እበላለሁ" አሉና ገቡ። ሚስማሯን ግን አልነቀሏትም።