ጊታር የሚለው ቃል

ምንያህልን ከሥራው ያፈናቀለችው አንዲት ቃል ናት። ቃሏን የቆረጥኳት ደግሞ እኔ ሩሐማ ነኝ። ክልሉ አዲስ በተቋቋመበት ሰሞን አሶሳ ውስጥ የአንድ መሥሪያ ቤት ታይፒስት ነበርኩ።

ምንያህል የመሥሪያ ቤታችን የኪነት ቡድን ጊታር ተጫዋች ነበር። በሰፈራ ከወሎ ሲመጣ አሥራ ሰባት ዓመቱ ነው፤ እናቱን እዚሁ በወባ ቀበረ፣ ጊታርም እዚሁ ከአንድ ወታደር ተማረ። ሚስት የለው፣ ዘመድ የለው፣ ያው ጊታሩ ነው። ከሰው ጋር ብዙ አያወራም፤ ካወራም ስለ ጊታሩ ነው። እውነቱን ለመናገር ያሰለች ነበር።

ለቡድኑ የተገዛው ኤሌክትሪክ ጊታር ገላው ቀላል፣ አንገቱ ከባድ ሆኖ አረፈው። ምንያህል ግራ እጁን ለቀቅ ሲያደርግ መቃኛው ያለበት ጫፍ ቁልቁል ይደፋል። ክር መጫን የሚገባው እጅ አንገት ተሸካሚ ሆነ፤ ጣቶቹ ይዘገያሉ፣ ዜማው ይሰበራል። የክልሉ በዓል ሦስት ሳምንት ሲቀረው ኃላፊያችን ልምምዱን አይተው፣ "በዕለቱ እንዲህ ከተጫወትክ እንጀራህን ሌላ ቦታ ፈልግ" አሉት።

መላ አላጣም። የሚንሸራተተውን የናይሎን ማንገቻ ጥሎ ሻካራ ጎኑ ትከሻ ላይ የሚይዝ የቆዳ ማንገቻ ሠራ። ተሻለው፣ ግን አልበቃም። የቀረው ማንገቻው የሚታሰርበትን ብሎን ወደ አንገቱ ማስጠጋት፣ ከጭራው በኩል ደግሞ ከአሮጌ የመኪና ባትሪ ያወጣውን እርሳስ መቅበር ነበር። ለዚህ እንጨቱ መበሳት አለበት። የመንግሥት ንብረት ደግሞ ያለ ደብዳቤ አይበሳም።

ማመልከቻውን በእጁ ጽፎ አመጣልኝ። "ሩሒዬ፣ አሳምረሽ ምቺልኝ፣ አደራ።" አርእስቱ "የኤሌክትሪክ ጊታሩን ሚዛን ስለማስተካከል" ይላል። የምሳ ሰዓት ደርሶ ነበር፣ ርቦኛል፣ እሱ አጠገቤ ቆሞ ስለ እርሳሱ ይለፈልፋል። "የሚዛን ማስተካከልን ይመለከታል" ብዬ አሳጠርኩት። ከታችም "ጊታሩ፣ ጊታሩ" እያለ የደጋገመውን አወጣሁ። የቀረው ይኸው ነው፦ "ከአንገት በላይ ያለው ክፍል ከመጠን በላይ በመክበዱ፣ የታችኛውም በመቅለሉ ሥራ እየተበደለ ስለሆነ ሚዛኑ እንዲስተካከል አመለክታለሁ።" አምኖኝ ሳያነብ ፈረመ።

በዚያ ሰሞን በየቢሮው ሚዛን ማለት አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ከየትኛው ብሔረሰብ ስንት ሰው ተቀጠረ ማለት ነው። ስብሰባ በተጠራ ቁጥር የሚነሳው እሱ ነው። ኃላፊው ደብዳቤውን ሲያነቡ "ከአንገት በላይ" የተባሉት ራሳቸው መሰላቸው፤ ከላይ የእርስዎ ወገን በዝቷል ተብለው የተከሰሱ ያህል ተቆጡ።

መልሱን በአራተኛው ቀን የመታሁትም እኔ ነኝ። "ጥያቄዎ ተቀባይነት አግኝቷል። ሚዛኑን ለማስተካከል ይረዳ ዘንድ እርስዎ ከቡድኑ ተነስተው ጊታሩን ለአቶ ጁምዓ እንዲያስረክቡ።" ጁምዓ የክልሉ ተወላጅ፣ የበርታ ልጅ፣ ከበሮ መቺያችን ነው። ሲነግሩት ሊያለቅስ ደረሰ። "ወላሂ እኔ አልጠየቀም! ጊታር እኔ ምን ያውቃል?"

ምንያህል ኃላፊው ቢሮ ገባ። እኔም ደብዳቤ ላስፈርም እዚያው ቆሜ ነበር።

"ጋሼ፣ እኔ ያልኩት እኮ የጊታሩን ሚዛን ነው" አላቸው።

ማመልከቻውን አውጥተው ደግመው አነበቡት። ገባቸው። እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ።

"ታዲያ ምነው ጊታር አትልም?" አሉት ዓይናቸውን እየጠረጉ። "እንግዲህ ደብዳቤው ወጪ ሆኗል፣ ግልባጩም ለሁሉም ደርሷል። መብሳቱን ግን ፈቅጃለሁ። አስተካክለህ አስረክብ።"

አስተካከለው። ሁለት ቀን ሙሉ ጓሮ ተቀምጦ በሳ፣ እርሳሱን ቀበረ፣ ብሎኑን አዛወረ፤ ጁምዓ ትከሻ ላይ ለክቶ ማንገቻውን አሳጠረለት። በመስኮት አየሁት፤ ግን አልወጣሁም።

ርክክቡን ፈርሞ ሲጨርስ ወደ እኔ መጣ።

"ሩሒዬ፣ እውነት ጊታር የሚለውን ሳልጽፈው ቀርቼ ነው?"

የእጁ ጽሑፍ መሳቢያዬ ውስጥ ነበር። እኔም ገና የሙከራ ጊዜዬን አልጨረስኩም፤ እኔም ከወለጋ የመጣሁ ነኝ፣ ሚዛኑ ነገ እኔ ላይ እንደማይዞር ምን አውቃለሁ? ፈራሁ።

"አልጻፍከውም" አልኩት።

"ወይ የኔ ነገር!" ብሎ ግንባሩን መታ። ከዚያ "አንቺንም በከንቱ አደከምኩሽ፣ ይቅር በይኝ" ብሎኝ ወጣ።