አማች ፊት የማይነገር ሕመም

አደም በይፋት ቆላ ማሽላና ጥጥ የሚያርስ፣ ሰው ፊት ጮክ ብሎ እንኳ የማይስቅ ዓይናፋር ገበሬ ነበር። ሙሀባን ካገባ አራት ዓመቱ ነው፤ ልጅ ግን ገና አላየም፤ አላህን የሚለምነውም ይህንኑ ብቻ ነበር። በ፲፱፻፷፪ ክረምት የሮቢ ወንዝ ሞልቶ ታናሽ ወንድሙን ሲወስድበት እንቅልፍ ራቀው፤ ብቻውን ማውራት ጀመረ። ከርሞ ሲብስበት አዲስ አበባ ወስደው አሳከሙት፤ የነርቭ ክኒን ታዘዘለት። እውነት ለመናገር ክኒኑ ጠቀመው፤ እንቅልፉም እርሻውም ተመለሱለት።

ክኒኑን በጀመረ በሦስተኛው ሳምንት፣ ማክሰኞ ማለዳ፣ ብልቱ ቆሞ ነቃ። በወንድ ያለ ነው ብሎ ችላ አለው። ረፈደ፣ ቀትር ሆነ፤ አልረገበም። ፍላጎት የሚባል በልቡ የለም፤ ያለው እየጠነከረ የሚሄድ ሕመም ነው። ወንዝ ወርዶ ውኃ ውስጥ ተዘፈዘፈ፤ ምንም ለውጥ የለም። ሲመሻሽ ሽንት እንኳ በመከራ ሆነ። ሙሀባ አይታ ክው አለች፤ ሁለቱም ግን ስሙን ሳይጠሩት አደሩ።

ሸዋ ሮቢት ያለው ጤና ጣቢያ በእግር የሁለት ሰዓት መንገድ ነው። ችግሩ መንገዱ አይደለም፤ እዚያ ሕመምተኛ የሚያየው ድሬሰር አብዱልመጂድ የሙሀባ ታላቅ ወንድም ነው። በዚያ አገር አማች ፊት እግር ዘርግቶ መቀመጥ ነውር ነው፤ ከወገብ በታች ያለውንማ ማን አፉን ሞልቶ ያወራል!

ረቡዕ አደም ኩታውን ወገቡ ላይ ጠምጥሞ፣ እያነከሰ ሄደ።

«ምንዎን ነው?» አለው አብዱልመጂድ።

«ወገቤን ይዞኛል» አለ አደም፣ መሬት መሬት እያየ።

አብዱልመጂድም አማቹን ልብስ ያውልቁ ማለት ከበደው፤ ማስታገሻ ሰጥቶ ሸኘው። ሁለቱ ሰዎች ተከባብረው ተለያዩ፤ መከባበራቸው ግን ሊወለድ የነበረ አንድ ሰው አጠፋ።

ሐሙስ ሊጠይቀው ቤቱ ሲመጣ አደም ትራስ ነክሶ ያቃስታል። ብርድ ልብሱን ገለጠው።

«ላ ሀውለ! ወገቤን አልከኝ እኮ! ወገቤን!» ብሎ ጮኸ፤ አንቱታው ጠፍቶበት። በዚያው ቀን በጭነት መኪና ደብረ ሲናን አልፈው አዲስ አበባ ገቡ።

ሐኪሙ ጊንጥ ነድፎት፣ እግሮቹ መካከል ተመትቶ፣ የደም በሽታ ኖሮበት እንደሆነ ጠየቀው። በመጨረሻም፣ «አዲስ መድኃኒት ጀምረሃል?» ሲለው አደም ክኒኑን ከኪሱ አወጣ።

«ይኼ ነው» አለ ሐኪሙ። «አልፎ አልፎ እንዲህ ያደርጋል። ደሙ ገብቶ መውጫ ያጣል፤ የታጎረው ደም ሥጋውን ይገድለዋል። በዚያው ቀን፣ በጥቂት ሰዓት ውስጥ ብትመጣ ደሙን በመርፌ ቀድተን እናድንህ ነበር፤ ትናንትም ብትደርስ ትንሽ ተስፋ ነበረ። አሁን ሕመሙን እናስታግሳለን፤ ከእንግዲህ ግን ብልትህ ዳግመኛ መቆሙን እንጃ።»

እንዳለውም ሆነ። ወራት አለፉ፤ የአደም ተስፋ ተሟጠጠ። አንድ ቀን ማሽላ ሲያርሙ ቀና ሳይል፣ «ሙሀባ፣ ልፍታሽ» አላት። «ገና ወጣት ነሽ። ሌላ አግብተሽ ውለጂ።»

ሙሀባ ማረሟን ተወች።

«ማክሰኞ ማታ አይቼ አልነበረም?» አለችው። «አንተ ለመሄድ ሳትነሳ፣ ረቡዕ ጎሕ ሲቀድ ማዶ ተሻግሬ ወንድሜ ቤት በር ድረስ ሄጄ ነበር። እንዴት ብዬ ልንገረው ብዬ፣ አፍሬ ተመለስኩ። ሳይወለድ ልጃችንን የቀበርነው ሁለታችን ነን። ወላሂ፣ ብቻህን አታልቅስበት።»