አባቴ ቅዳሜ ቅዳሜ የሚያጭደው ሳር

አሁን በምኖርበት፣ ዳላስ አጠገብ ባለው ኧርቪንግ፣ ሠራተኞች ጠዋት ጠዋት የግቢውን ሳር ያጭዳሉ። የተቆረጠ ሳር ከቤንዚን ጋር ተደባልቆ ሲሸተኝ የያዝኩትን አስቀምጬ ወደ መስኮቱ እሄዳለሁ። የአባቴ ሸሚዝ ሽታ ነው። እናቴ ያንን ሸሚዝ ማጠቢያው ውስጥ ከመክተቷ በፊት ወደ አፍንጫዋ አስጠግታ ስታሸተው አይቻታለሁ።

ልጅ እያለሁ የምንኖረው ሜስኪት፣ እዚያው ዳላስ ዳር ነበር። አባቴ ትራክ ይነዳ ነበር፤ ቅዳሜ ግን የሳሩ ቀን ነው። ሳር መንከባከብ የተማረው እዚሁ ዳላስ ነው፤ ወሎ እያለ ሳር የከብት ነበር። የሰፈራችን አፈር ጥቁር መረሬ ነው። ሲዘንብ ጫማ ይነጥቃል፤ ሰመር ላይ ደግሞ በሙቀቱ ደርቆ እጅ እስኪያስገባ ይሰነጠቃል። ሙቀት ስለሚችል ብርሙዳ የሚባለውን ሳር ተከለ። በብርዱ ወራት ገለባ ሲመስል አትንኩት፣ ተኝቶ ነው ይለናል። በጸደይ ዝቅ አድርጎ ያጭደዋል፤ ሙቀቱ ሲበረታ ከፍ አድርጎ። ውሃ የሚያጠጣው በማለዳ ነው፤ ሥሩ ወደ ታች እንዲሄድ አልፎ አልፎ፣ ግን ጠለቅ አድርጎ።

መንጃ ፈቃድ ባወጣሁበት ሰመር ግን የራሳችን ሳር ቢጫ ሆነ። አባቴ ቅዳሜ በጠዋት ማጨጃውን ፒክአፑ ላይ ጭኖ ይወጣል፤ እኩለ ቀን ላይ ላብ በላብ ሆኖ፣ ሱሪው ሳር ለብሶ ይመለሳል። እናቴ ስትጠይቀው ሰው ልረዳ ነው አላት። የትኛውን ሰው እንደሆነ አልነገራትም።

ከዚያ በኋላ እናቴ ሁሉንም ነገር ማየት ጀመረች። በጀሪካን ውሃ ሞልቶ ይወስዳል። «ዳላስ ውስጥ ውሃ የሌለው ቤት አለ እንዴ?» አለችኝ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። ከመውጣቱ በፊት ይታጠባል፤ ንጹሕ ሸሚዝ ይለብሳል። ሳር ለማጨድ ማን ይታጠባል? በዚያው ሰሞን አንዲት ጓደኛዋ ከፎርት ዎርዝ ደውላ፣ ከባሏ የተለየች የአገራችን ልጅ ቤት ገዛች ብላ አወራቻት። ጓደኛዋ ሌላ ምንም አላለችም። የቀረውን እናቴ ራሷ ሞላችው።

አንድ ቅዳሜ አባቴ ገና ከመውጣቱ እናቴ ሻርፗን አደረገችና የቤቱን መኪና አስነሺ አለችኝ። እሷ አትነዳም። ሃይዌይ ላይ ከፒክአፑ ራቅ ብዬ ተከተልኩት። እናቴ ጭኗ ላይ ቀሚሷን ጨብጣ ይዛ ነበር። እኔም ጥርጣሬው ገብቶብኝ፣ የዚያችን ሴት ቤት በሐሳቤ ሠርቼ ጨርሼ ነበር። መጋረጃው ይታየኝ ነበር፤ በረንዳው ላይ የተጋደመው የሌላ ልጅ ሳይክልም።

ፒክአፑ ከሃይዌዩ ወጣ። ቤቶቹ እየሳሱ ሄደው አለቁ፤ ከዚያ ሜዳ ብቻ ሆነ። አባቴ አንድ የሽቦ በር አልፎ ቆመ። የእኛ የሙስሊሞች የመቃብር ቦታ ነበር።

«እዚህ ፓርክ አድርጊ» አለች እናቴ። ድምፅዋ ተቀይሮ ነበር።

እኔ ገና ሕፃን እያለሁ ወንድም ተወልዶልኝ፣ ብዙም ሳይቆይ ሞተ። እናቴ ሆስፒታል ተኝታ ሳለ አባቴና ሌሎች ወንዶች ወስደው ቀበሩት። የት ብላ አልጠየቀችም፤ እሱም አልነገራት። ቤታችን ውስጥ የዚያ ልጅ ነገር አይነሳም ነበር።

ከመኪናው ወርደን ተጠጋን። አባቴ ማጨጃውን ገና ሳያወርድ ከአንድ ትንሽ መቃብር አጠገብ ተንበርክኮ፣ ዙሪያው ያለውን ሳር በእጅ መቀስ ይከረክማል። መሬቱ ከመቃብሩ ጎን ተሰንጥቆ ነበር። ከከረጢት አፈር እየዘገነ ስንጥቁ ውስጥ ይጨምራል፤ ከጀሪካኑም ቀስ እያለ ውሃ ያፈስበታል። ፀሐዩ ገና በጠዋቱ ይለበልብ ነበር። ከሩቅ ዛፎች ውስጥ የፌንጣ ጩኸት ይሰማል።

ጥላችን ሲያርፍበት ቀና አለ። እናቴን አየ፣ እኔንም አየ።

«አፈሩ መጥፎ ነው» አለ፣ ጥፋት እንደሠራ ሰው አንገቱን ደፍቶ። «በሰመር ይሰነጠቃል። እንዳይከፈትበት ብዬ ነው።»

እናቴ በመኪናው ውስጥ ይዛው የመጣችው ንግግር ሁሉ አፏ ላይ ሲጠፋ አየሁ። ከዚያ «ራስጌው በየት በኩል ነው?» አለችው።

አባቴ በእጁ አሳያት። ዞራ በዚያ በኩል ተቀመጠች። ከረጢቱ ውስጥ እጇን ሰድዳ አፈር ዘገነች፤ ጓሉን በጣቶቿ እያደቀቀች ስንጥቁ ውስጥ ታስገባ ጀመር። እሱም ከወዲያ በኩል ቀጠለ። እኔን ሁለቱም ረሱኝ፤ ራቅ ብዬ ቆምኩ።

ዛሬም አባቴ ለምን ያን ሁሉ ዓመት ብቻውን ዝም እንዳለ አላውቅም። ጠይቄው አላውቅም፤ አሁን ደግሞ የለም።

የዚያን ቀን ግን እናቴ ወደ መሬቱ ጎንበስ ብላ፣ ከእንቅልፉ ልትቀሰቅሰው የመጣች ይመስል፣ ልጇን በቀስታ በስሙ ጠራችው። የወንድሜን ስም የሰማሁት ያኔ ነው።