ሩዝ ሲገባ የሚቆመው ሞተር

ወረታ ተመድቤ እስክመጣ ድረስ ሩዝ ከነገለባው አይቼ አላውቅም ነበር። ያደግሁት ደሴ ነው። ወረታ በሚገኝ አንድ የቴክኒክ ኮሌጅ ፕሮግራሚንግ ማስተማር ጀምሬ ትንሽ እንደቆየሁ “ቴክኖሎጂ አሸጋግሩ” የሚል መመሪያ ወረደ። እያንዳንዱ ክፍል ለሕዝቡ የሚጠቅም አንድ ነገር ሠርቶ እንዲያሳይ ተባለ።

ከመናኸሪያው ጀርባ የሩዝ መፈልፈያ ያላቸው አንዲት እናት ነበሩ። መብራቱ ሲዋዥቅ ሞተሩ ይግላል፤ በዚያ ሁሉ አቧራ መካከል የሚያስተውለው ሰው የለም፤ ሲያጨስ ነው የሚታወቀው። ለእሳቸው ሞተሩ ሲግል ራሱ የሚያጠፋ ትንሽ ሳጥን ሠራሁ። ፕሮግራሙን የጻፍሁት በሲ ቋንቋ ነው። ከማሽኑ የሚመጣው ምልክት ሁሉ አንድ ቁጥር ውስጥ ይገባል፤ ቁጥሩን እንደ ተደረደሩ አምፖሎች ማየት ይቻላል። አንደኛዋ ከበራች ማሽኑ ውስጥ ሩዝ አለ፤ ሁለተኛዋ ከበራች ሞተሩ ግሏል። እኔ መጠየቅ የምፈልገው ሁለተኛዋን ብቻ ስለሆነ፣ “አጥፋ” ከሚለው ትእዛዝ በፊት ባለው “ኢፍ” (“ከሆነ”) በሚባለው ጥያቄ ውስጥ “እና” የሚባለውን ምልክት ነጠላውን & አስገባሁ። እሱ አምፖል ከአምፖል ይለያል።

የክፍላችን ኃላፊ ሳላየው አይወጣም አሉ። ወንበሬ ላይ ተቀምጠው አንዷን ምልክት ሁለት አደረጓት፤ && ሆነች።

“ኢፍ ውስጥ የሚገባው ድርቡ ነው። ተማሪዎቹንም እንዲህ ነው የምታስተምሪያቸው?”

“ጋሼ፣ ድርቡ እኮ አምፖል አይለይም። የትኛዋም ብትበራ እውነት ነው ብሎ ሞተሩን ያጠፋል።”

“ስህተት ቢሆን ኮምፒውተሩ ዝም ይል ነበር?”

ኮምፒውተሩማ ለሁለቱም ዝም ይላል። ሁለቱም በቋንቋው የተፈቀዱ ናቸው፤ የሚጠይቁት ጥያቄ ነው የሚለያየው። ይህን ልነግራቸው አፌን ስከፍት ስልካቸው ጠራና ወጡ። ፕሮግራሙን ሳጥኑ ውስጥ ባለችው ቺፕ ላይ የሚጭነው ዕቃ እሳቸው ቢሮ ስለሚቆለፍ የጫኑትም እሳቸው ናቸው። ያለ ሩዝ በባዶው ሞከሩት፤ ሠራ። “አላልሁሽም?” አሉኝ።

የርክክቡ ዕለት ከፎገራ ሜዳ የመጡ ገበሬዎች ጆንያቸውን በጋሪ አስጭነው ተሰልፈዋል። ሞተሩ ተነሣ፤ ተጨበጨበ። ሩዙ ሲፈስበት ቀጥ አለ። ሠራተኛው ሩዙን ጠርጎ አወጣው፤ ሞተሩ ተነሣ። እንደገና ጨመረበት፤ ቆመ።

አንድ ሽማግሌ ጠጋ ብለው አዩትና፣ “ምነው ልጄ፣ ይኼ ነገር ሩዝ ይጠየፋል እንዴ?” አሉኝ። ሰዉ ሳቀ።

ኃላፊው “መብራቱ ነው” አሉ። መብራቱ ደህና መሆኑ ሲታይ “እንግዲያው ሽቦው ነው” አሉ። ሽቦውን የሠራሁት እኔ ነኝ።

“ጋሼ፣ ምልክቷ ናት” አልኋቸው ቀስ ብዬ።

“በሰው ፊት!” አሉኝ ጥርሳቸውን ነክሰው።

ሳጥኑ ተነቅሎ ኮሌጅ ተመለሰ፤ በግምገማው ላይ “የሽቦ ሥራ ጉድለት” ተብሎ ተያዘ። እጄን አንሥቼ ስለ አምፖሎቹ ማስረዳት ስጀምር ሰብሳቢው “ሂስ መቀበል ልመጂ” ብለው አስቀመጡኝ። ከዚያ በኋላ መጫኛውን ዕቃ ለማግኘት የኃላፊው ቢሮ በር ላይ ስመላለስ ሰነበትሁ፤ አንዴ ስብሰባ፣ አንዴ ነገ፣ አንዴ ቁልፉ የለም። ኃላፊው ባሕር ዳር ለሥልጠና ሲሄዱ ጸሐፊያቸው አዝና ከፈተችልኝ። አንዷን ምልክት አጠፋሁ። ሥራው ይኸው ነበር። ከገበያ ሩዝ ገዝቼ በኮሌጁ መለማመጃ ሞተር ላይ ሞከርሁት፤ ዞረ። የሙቀት መለኪያውን በክብሪት አሞቅሁት፤ ቆመ።

ሳጥኑን ታቅፌ መፈልፈያው ቤት ሄድሁ። ባለቤቷ እጃቸውን ከአቧራው አራግፈው አዩኝ።

“የኔ ልጅ፣ አንቺን ጠልቼ አይደለም። በዚያ ነገር የተነሣ ገበሬው ሩዙን እየጫነ ሐሙሲት ከተማ ወዳለው መፈልፈያ ሄደብኝ። እባክሽ ይቅርብኝ።”

“አሁን ተስተካክሏል፣ እማማ። ቆመው ይዩት።”

“ያኔም ተሠርቷል ብላችሁኝ ነበር።”

ሳጥኑን እንደ ታቀፍሁ ተመለስሁ።

ጥር ላይ የመፈልፈያው ሞተር ግሎ ተቃጠለ። ወሬው ኮሌጅ በደረሰ ዕለት ኃላፊው ኮሪደር ላይ አስቆሙኝና ራሳቸውን እየነቀነቁ፣ “አየሽ የሕዝባችንን ነገር? ያን ሳጥን እንቢ ባይሉ ኖሮ!” አሉ። ጠመኔዬን እንደ ጨበጥሁ ክፍል ገባሁ፤ እጄን ስከፍት ጠመኔው ተሰባብሯል።