የአያ ይማም አውራ ጣት

ባለፈው ክረምት ከዝናብ ለመጠለል አንድ የዕቃ ሱቅ በረንዳ ላይ ቆሜ ሳለ፣ ደጁ ላይ የተከመረ የቃጫ ገመድ ረጥቦ ሸተተኝ። እርጥብ ቃጫ የከረመ ድርቆሽ ይሸታል፤ ለሌላው ሰው ምንም አይደል። እኔን ግን ፊቴን አጋለኝ። ልጅ ድሬ፣ የልጅ ልጅ አይቼ፣ ሀፍረት እንዲህ ትኩስ ሆኖ ይመጣብኛል ብዬ አላስብም ነበር። አያ ይማም ትዝ አሉኝ።

አያ ይማም በጃንሆይ ዘመን መካነ ሰላም ውስጥ፣ ከትምህርት ቤታችን አጥር ሥር ተቀምጠው ገመድ የሚገምዱ ሰው ነበሩ። የቃጫውን አንድ ጫፍ በእግራቸው ጣት ይዘው፣ ሌላውን ጭናቸው ላይ በመዳፋቸው ሲያሹት ይውላሉ። አጠገባቸው ቃጫ የሚያርሱበት ውሃ የሞላ የዘይት ቆርቆሮ አለ። ልጅ አልነበራቸውም። እኛ ተማሪዎቹ ስናልፍ ግን ሁላችንንም «ልጄ» ይሉን ነበር፤ ስንቱን የተበጠሰ የቦርሳ ማንገቻ በነፃ ቀጥለውልናል መሰላችሁ።

ትምህርት ቤቱ ሕግ ነበረው። ዛፍ ላይ የተንጠለጠለው የመኪና ቸርኬ ተደውሎ ባንዲራ ሲሰቀል ያልደረሰ፣ ጠጠር ላይ ይንበረከካል። ሦስት ቀን የቀረ ወላጅ ያመጣል። ወላጁም «ልጄ ሁለተኛ አይቀርም» ብሎ መዝገብ ላይ አውራ ጣቱን ያትማል። ከዚያ ወዲያ አንድ ቀን የቀረ ስሙ ይሰረዛል፤ አለቀ።

እኔ አራተኛ ክፍል ሳለሁ ሦስት ቀን ቀረሁ። ታምሜ አይደለም፣ ሥራ በዝቶብኝም አይደለም። የሒሳብ አስተማሪያችንን አለንጋ ፈርቼ ባሕር ዛፉ ውስጥ ተደብቄ ነው የዋልኩት። ወላጅ አምጪ ተባልኩ። አባቴ ደግሞ ከአጅባር እህል እያመጣ የሚነግድ፣ ገበያ ለገበያ የሚዞር ሰው ነው፤ ትምህርት ቤቱ መልኩን አያውቀውም። እኔን ያስገባኝም እናቴ ስንት ለምናው ነው። «ቀረች ሲሉኝ የሰማሁ ዕለት እድራታለሁ» ብሏል። ቀልድ አልነበረም፤ ታላቅ እህቴን በአሥራ ሁለት ዓመቷ ድሯታል።

አያ ይማም ፊት ሄጄ አለቀስኩ። አባቷ ነኝ ይበሉልኝ አልኳቸው።

«አስተግፊሩላህ! ዋሽልኝ እኮ ነው የምትይኝ፣ ዘሀራ» አሉ፣ ገመዱን ሳይለቁ። እኔ ማልቀሴን ቀጠልኩ። «ሁለተኛ ላትቀሪ ትምያለሽ?» አሉኝ።

«ወላሂ!»

«እንግዲያው አባቷ ነኝ ማለቱን እዋሻለሁ፤ አላህ ይማረኝ። ጣቴን የማትመው ግን ከልቤ ነው። አደራ።»

የትምህርት ቤቱ ጸሐፊ አውራ ጣታቸውን ቀለም እያስነካ ሁለት ጊዜ አሳተማቸው፤ መስመር አልወጣ አለ። ጣታቸውን የዕድሜ ልክ ቃጫ በልቶት ልሙጥ ሆኗል። «ይኼ ምን ዓይነት ጣት ነው?» ቢላቸው፣ አፍረው ሳቁ፤ «ገመድ ወሰደው፣ ጌታዬ» አሉ።

ከዚያ ወዲህ በየጧቱ ቸርኬው ሲደወል ሥራቸውን አቁመው በሩን ያያሉ። እኔ ስገባ እጃቸውን ብድግ አድርገው ወደ ገመዳቸው ይመለሳሉ። እኔ ምስኪኗ ደግሞ ይኼ ይሰለቸኝ ጀመር! ለአንድ ቀን የተዋስኳቸው አባት፣ የምር አባት ሆነው አረፉት።

ወር አልሞላኝም። የሰባት ማባዣ በቃል የሚጠየቅበት ቀን መጣ፤ አላጠናሁም። በጓሮ ዞሬ ባሕር ዛፉ ውስጥ ገባሁ። መሐላዬ ትዝ አላለኝም ብል እዋሻለሁ፤ ትዝ እያለኝ ነው የገባሁት።

አባቴ በዚያው ቀን ከአጅባር ተመለሰ። ጭራሮ ስትለቅም ያየችኝ ጎረቤታችን ነገረችው። ክንዴን ይዞ እየጎተተ፣ በሌላ እጁ ዱላውን እንደጨበጠ፣ ስሜን ሊያሰርዝ ዲሬክተሩ ቢሮ ይዞኝ ገባ።

አያ ይማም እዚያ ቆመዋል። ኮፍያቸውን በእጃቸው ይዘው፣ «ጌታዬ፣ ልጄ ዛሬ በበሩ ስትገባ አላየኋትም። ቃሌን ሳልጠብቅ ቀረሁ። ስሟን አይሰርዙብኝ፤ እኔን ይቅጡኝ» እያሉ ይለምናሉ።

«ልጄ?» አለ አባቴ።

ዲሬክተሩ አንዴ እሳቸውን፣ አንዴ አባቴን አየ። «ዘሀራ፣ አባትሽ ማንኛው ነው?»

ወደ አባቴ ጠቆምኩ።

«ይኼኛው ሰውዬስ?»

«አላውቀውም» አልኩ። አላውቃቸውም እንኳ አላልኩም። ያን ሁሉ ሽበት እሱ አልኩት።

አያ ይማም አዩኝ። ከዚያ የአባቴን ዱላ አዩ። «እውነቷን ነው» አሉ። «ያጠፋሁት እኔ ነኝ። የገመዱን ጫፍ ያዢልኝ እያልኩ ከትምህርቷ ያስቀረኋት እኔ ነኝ። ኋላ ፈራሁና አባቷ ነኝ ብዬ አተምኩ። ልጅቱ ምን ታድርግ?»

ቅድም ሲሉት ከነበረው ጋር አይገጥምም፤ ግን ማንም ልብ አላለም። ለእኔ የተነሣው ዱላ እሳቸው ትከሻ ላይ አረፈ። እጃቸውን እንኳ አላነሡም። እኔም አፌን አልከፈትኩም። ምን ነበረበት አንዲት ቃል ብተነፍስ?

ስሜ ሳይሰረዝ ቀረ፤ አባቴም ሊድረኝ ያለውን ተወው። እሳቸው ሦስት ቀን ታስረው ወጡ፤ ከአጥሩ ሥር እንዳይቀመጡም ተከለከሉ። የሰው ልጅ አስኮብላይ የሚል ስም ወጣላቸው። ከብት ተራ ዳር ሄደው መገመድ ጀመሩ። በዚያ በኩል ሳልፍ አንገቴን ደፍቼ በማዶ ነበር። አንድ ቀን ዓይን ለዓይን ተጋጨን። እጃቸውን ሊያነሡ ካሉ በኋላ ተዉት፤ ሰው እንዳያይብኝ ብለው ነው። የሞቱት እኔ ደሴ ለመምህርነት ስማር ነው።

አስተማሪ ሆኜ እዚያው ትምህርት ቤት ስመለስ፣ መጀመሪያ ያደረግሁት ያንን መዝገብ ከዕቃ ቤት ፈልጎ ማውጣት ነበር። ገጹ አለ። በስሜ አንጻር፣ «ልጄ ሁለተኛ አትቀርም» ከሚለው ሥር፣ መስመር የሌለው ልሙጥ የቀለም ምልክት። በላዩ ላይ በቀይ «ሐሰት» ተብሎ ተጽፎበታል።

ሐሰት አልነበረም። ያ ዱላ እሳቸው ላይ ካረፈባት ቀን ወዲህ፣ ዝናብ ቢወርድ፣ ቢያመኝ፣ አንድም ቀን ቀርቼ አላውቅም፤ ስማርም፣ ሳስተምርም፣ ጡረታ እስክወጣ ድረስ። አያ ይማም ይህን ሳያውቁ ሞቱ። ከብት ተራው ከቤታችን የአሥር ደቂቃ መንገድ ነበር፤ ሄዶ የሚነግራቸው ደግሞ ከእኔ በቀር ሰው አልነበረም።